ሕጉን አውቀው ነበር፤ ቀኑን ግን አልቆጠርኩም

መጀመሪያ የበደልኳቸውን ሰው ልንገራችሁ።

የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ሃምሳን ያለፉ፣ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው የሚመጡ፣ ወንበር ሲሰጣቸው ጫፉ ላይ ብቻ የሚቀመጡ ሰው። ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነው። እኔ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ በተሰጠችን አንዲት ጠባብ ክፍል ነፃ የሕግ ድጋፍ እንሰጥ ነበር። ሁለት ጠረጴዛ፣ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር፣ በር ላይ ደግሞ በጠዋት የሚሰለፍ ሰው።

አባባ ከሥራ ተባረዋል። አሥራ አንድ ዓመት የሠሩበት ድርጅት «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። እኔ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርኩት ሁሉ በእግሩ ሄዶ የመጣልኝ መሰለኝ። ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 42 ላይ ገለጥኩ። ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 አወጣሁ። ዘጠኝ ገጽ የክስ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ወረቀት ጎድሎ ነበር፣ «እሱን ይዘው ይምጡ» ብዬ ሌላ ሳምንት አመላለስኳቸው።

ክሱ ሬጅስትራር ሲገባ ከተባረሩ ሦስት ወር ከስድስት ቀን ሆኖ ነበር።

ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ ካልከሰሰ ጥያቄው በይርጋ ይቀራል። ያኔ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/96 እንዲህ ይል ነበር፤ ዛሬ ያለው 1156/2011ም በዚህ ነገር አልተለወጠም። አውቀው ነበር እኮ! ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ። አባባ የመጡ ቀን «መቼ ነው የተባረሩት?» ብዬም ጠይቄያለሁ። መልሳቸውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ተነሥቼ ወደ ፊት ግን አልቆጠርኩም። ሲመጡ ሁለት ወር ከአሥራ አምስት ቀናቸው ነበር። ቀሪዋን ጊዜ የበላኋት እኔ ነኝ፣ በዘጠኝ ገጼ።

የተከሳሽ ጠበቃ አንድ አንቀጽ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ በቃው። የመመለስ ጥያቄው ወደቀ። የተረፈን የገንዘቡ ጥያቄ ብቻ ነው፣ እሱ ስድስት ወር ስላለው። አባባ አልተቆጡኝም። «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ እኔው ነኝ የዘገየሁት» አሉኝ። አለመዘግየታቸውን ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እሺ» አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ መዝገብ ተሸንፌያለሁ፤ እንደዚያ «እሺ» የከበደኝ የለም።

ይህን የምጽፈው ሕግ ጨርሳችሁ «ለድሃ እሟገታለሁ፣ ለመብት እቆማለሁ» ለምትሉ ወንድሞችና እህቶች ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሰው መብቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ክርክር አይደለም። በቀን ነው። በጎደለች ማኅተም ነው። ባልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ይህን ደግሞ ክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረኝም።

አሁን ደብተሬ ላይ ከደንበኛው ስም በፊት የሚጻፈው ቀን ነው። ነገሩ መቼ ሆነ፣ የጊዜ ገደቡ መቼ ያልቃል። ዋስትና ለተከለከለ ሰው ይግባኝ ሃያ ቀን። ለሥራ ክርክር ይግባኝ ሠላሳ ቀን። ለሌላው የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ስድሳ ቀን። የገደቡን የመጨረሻ ቀን አልጽፍም፤ ከእሱ አንድ ሳምንት ቀንሼ ነው የምጽፈው። ያ ሳምንት መብራት ለሚጠፋበት፣ ሬጅስትራሩ ስብሰባ ለሚገባበት፣ ደንበኛው ለቅሶ ለሚሄድበት ነው። ሦስቱም አንድ ሳምንት ውስጥ የገጠመኝ ጊዜ አለ።

ከቀን ቀጥሎ ያስቸገረኝ ማዳመጥ ነው።

አንዲት ልጅ መጣች። ከወላይታ የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። ሁለት ዓመት ሠርታ ደመወዟ አልተከፈላትም። «ይጠራቀምልሽ» ይሏት ነበር አሠሪዎቿ። እኔ ወረቀቴን አወጣሁ። «የሥራ ውል አለሽ?» አልኳት። የለኝም። «ምስክር አለሽ?» የለኝም። «መታወቂያስ?» እሱም የለኝም አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሣ ሆነ። ሦስት ጥያቄ ጠይቄ ሦስት ጊዜ «ምንም የለሽም» ብያታለሁ ማለት ነው።

ያዳነችን ክፍሉን የምታጸዳልን እትዬ ናት። መጥረጊያዋን አስደግፋ «ነይ እስቲ ቁጭ በይ። እዚያ ቤት ማን ነው ያስገባሽ?» አለቻት።

ደላላው! ልጅቱ ስለ ደላላው ማውራት ጀመረች። የት እንደሚቀመጥ፣ ኮሚሽን ስንት እንደወሰደ፣ ደመወዙን ሲነጋገሩ ማን እንደነበረ። ደላላው ደብተር አለው፤ ያስገባቸውን ልጆች ስም፣ የገቡበትን ቀንና የተስማሙበትን ደመወዝ ይጽፋል። ቀጥሎ ባለሱቁ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዳቦ የገዛችበት ሰው ነው፤ የማን ቤት እንደምትሠራ ያውቃል። «ምስክር የለኝም» ያለችው ልጅ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ምስክርና አንድ ሰነድ ይዛ ተገኘች። ለእሷ «ምስክር» ማለት ሲጣሉ ቆሞ ያየ ሰው ነበር። ቃሉን እንደ ሕግ ሰው የማውቀው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ነው። አሥር ደቂቃ አልጽፍም። ብዕር ሲያዩ ሰዎች ቃላቸውን ያሳምራሉ፣ ያሳጥራሉ። ሌላም ነገር ተምሬያለሁ። ልጅቱ አማርኛዋ ገና ነበርና የምነግራትን ሁሉ «ገባኝ» ትለኝ ነበር። አልገባትም። «ገባኝ» ማለት የትልቅ ሰው ፊት መልካም ምግባር ነው እንጂ መልስ አይደለም። አሁን «ይህን ለእህትሽ በስልክ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?» እላለሁ። ያን ጊዜ ምን እንደተረዳችና ምን እንዳልተረዳች ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ወላይትኛ የምትናገር የክፍል ጓደኛችንን መጥራት ይቻል ነበር፤ እሱንም ያሰብኩት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው።

ጉዳዩ ራሱ ጠመዝማዛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በግል ቤት የሚሠሩትን አይሸፍንም። ስለዚህ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው የምትሄዱት፤ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ስለ ቤት ሠራተኞች የሚል ጥቂት ቁጥር አለ። በሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ እሷ ግን ከአዋጁ ውጭ ስለሆነች ያ ጥቅም የላትም። የቀረው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ መክሰስ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ። ለእሱ የድህነት ማስረጃ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ አምጪ ተባለች። ወረዳው ደግሞ መታወቂያ ለሌለው ሰው ማስረጃ አይጽፍም። ድሃ መሆኗን ለማስረዳት እንኳ አድራሻ ያስፈልጋት ነበር።

በመጨረሻ ወንድሟ ከትውልድ ቀበሌዋ አጽፎ በአውቶቡስ ላከልን። ረዳቱን መነኸሪያ ሄጄ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ይህንን ሥራ የሕግ ሙያ አይደለም የሚል ካለ መብቱ ነው። ግን ያቺ ፖስታ ባትመጣ ክሱ አይከፈትም ነበር።

አንድ ልብ የምትሉት ነገር አለ። ተማሪ ስለሆንን ችሎት ገብተን መከራከር አንችልም ነበር። ፈቃድ የለንም። ወረቀቱን እንጽፋለን፣ የምትቆመው ራሷ ናት። ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም፤ ምክንያቱም ሰውየውን ራሱን ማዘጋጀት ግድ ይሆናል።

ክፍላችንን ችሎት አደረግነው። እኔ ዳኛ ሆንኩ። የት እንደምትቆም፣ «ክቡር ፍርድ ቤት» የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ ስትጠየቅ ብቻ እንደምትመልስ፣ አሠሪዋ ስታናግራት ፊቷን ወደ ዳኛው እንደምታደርግ። «ቢቆጡኝስ?» አለችኝ። «ዳኛ ይቆጣል፣ ግን አይመታም» አልኳት። ሳቀች፤ መጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ነው። ማንበብ ስለማትችል ማስታወሻ ልሰጣት አልቻልኩም። ስለዚህ ሦስት ጣት ተስማማን። አውራ ጣት፦ ስንት ጊዜ ሠራሁ። ሌባ ጣት፦ በስንት ተስማማን። መሃል ጣት፦ ስንት ተከፈለኝ።

የቀጠሮው ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየኋት። እጇን ከነጠላዋ ሥር አድርጋ፣ አንድ በአንድ እያጠፈች ተናገረች። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ ተከሳሽ ዞሩ። «እህስ?» አሉ።

አሠሪዋ ለዕርቅ ገንዘብ አቀረበች። ከጠየቅነው ያነሰ ነው። እኔ ፍርድ ነበር የፈለግኩት! ለሌሎች የቤት ሠራተኞች የሚጠቀስ፣ የሚያስተምር ፍርድ። ልጅቱን ኮሪደር ላይ «አትቀበይ፣ እናሸንፋለን» ልላት አፌን ስከፍት «ጊፋታ ደርሷል፣ ለጊፋታ አገሬ መግባት ነው የምፈልገው» አለችኝ። ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ቤተሰቧን አላየችም። መዝገቡ የእኔ መስሎኝ ነበር። ዕርቁን ተቀበለች። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር «በየወሩ እከፍላለሁ» የሚለውን አስወጥቼ ገንዘቡ በቁርጥ ቀን እንዲከፈል፣ ስምምነቱም መዝገቡ ውስጥ እንዲገባ ማስጻፍ ነው። በቃል የቀረ ዕርቅ ዕርቅ አይደለም።

ስለ አጻጻፍ ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው ያስተማሩኝ። አንዱ ከተመረቅኩ በኋላ በበጎ ፈቃድ አብሬያቸው የሠራሁ አንጋፋ ጠበቃ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን አቤቱታዬን አነበቡና በቀይ እስክሪብቶ አራት አንቀጽ ሰረዙ፣ ሁሉም ሕገ መንግሥት የተጠቀሰበት። «ሕገ መንግሥት በርበሬ አይደለም፣ ወጥ ሁሉ ላይ አይነሰነስም» አሉኝ። ቀጥለው «ለመሆኑ ዳኛው ምን እንዲያደርግ ነው የፈለግሽው?» አሉ። ፈልጌ ያገኘሁት ገጽ ስድስት ላይ ነው።

ሌላው ሰው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክለው የሚሠሩ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። እኛ ተማሪዎች እንንቃቸው ነበር። አንድ ቀን ፕሪንተራችን ሲበላሽ ሄድኩና ሥራቸውን ቆሜ አየሁ። ባለጉዳዩ እያለቀሰ ያወራል። እሳቸው ጨርሰው ሰሙና «መጨረሻ ላይ ምን ይሰጥህ?» አሉት። ከዚያ ወደ ኋላ ጻፉ፦ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ፍሬ ነገር፣ ለፍሬ ነገሩ የሚሆነው ማስረጃ። አንድ ገጽ ተኩል። ሁሉም ራፖር ጸሐፊ እንደሳቸው ነው ብዬ አልዋሽም። የሌላ ሰው ስም ሳይቀይሩ የገለበጡበትን ወረቀት ይዞ የመጣ ባለጉዳይም አስተናግጃለሁ። እኒህ ሰው ግን አምስት ዓመት ያልተማርኩትን በሩብ ሰዓት አሳዩኝ።

ሕገ መንግሥቱ ከሰላምታነት ወጥቶ ሥራ የሚሠራው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነው።

2011 ዓ.ም. ውስጥ አምስት ጀብሎ የሚሠሩ ልጆች ተያዙ። እናቶቻቸው ፌስታል ይዘው በር ላይ ናቸው። እኔ ደርሼ አንቀጽ 19ን ጮክ ብዬ አነበብኩ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል፣ እናንተ ሕግ አታውቁም ወይ። የበሩ ፖሊስ «አንቺ ምናቸው ነሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ውክልና አልያዝኩም። «ነገ ተመለሽ» ተባልኩ።

በማግስቱ ከጋሼ ጋር ሄድን። «አትጩኺ፣ ጻፊ» አሉኝ በመንገድ። ደርሰው ሰላምታ ሰጡ። የመርማሪውን ስም ጠየቁ። የምርመራ መዝገብ ቁጥሩን ጠየቁ። ደንበኞቻቸውን ለማነጋገር በጽሑፍ አመለከቱ፤ አንቀጽ 21 ይህን ይፈቅዳል። ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ ብለህ ፈርምልኝ» አሉት። እምቢ አለ። አልተከራከሩም። ሰዓታቸውን አይተው ደብተራቸው ላይ ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ማን፣ ምን አለ። እየጻፉ መሆኑን ፖሊሱ ያያል። «ምን እየጻፉ ነው?» አለ። «ቃለ መሐላዬን ነው ልጄ» አሉት በጣም ረጋ ብለው።

እውነታቸውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 ያለ ሕጋዊ ትእዛዝ የተያዘ ሰው አካሉን ነፃ ለማውጣት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይላል። አቤቱታው ከቃለ መሐላ ጋር ነው የሚቀርበው፤ ታሳሪው ራሱ ካልቻለ ሌላ ሰው ይምልለታል። ቃለ መሐላው ላይ ማን እንደያዘው፣ የት እንደያዘው መጻፍ አለበት። የጮኸ ሰው ይህን መረጃ አያገኝም። ልጆቹ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ፍርድ ቤት ቀረቡ። አቤቱታውን ሳናስገባው ቀረን።

ጊዜ ቀጠሮ ላይ የተማርኩት ደግሞ አንዲት ጥያቄ ናት። መርማሪው «ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ 14 ቀን ይሰጠኝ» ይላል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ከ14 ቀን አይበልጥም። አዲስ ጠበቃ ተነሥቶ ስለ ነፃነት ንግግር ያደርጋል። ጋሼ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለፈው በተሰጠው ጊዜ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረ አንድ በአንድ ይገለጽልን» ነበር የሚሉት። መርማሪው ባለፈው ያለውን ደግሞ ከተናገረ ዳኛው ራሳቸው ይሰሙታል። ሁልጊዜ አይሠራም። ሲሠራ ግን አምስት ቀን የሚፈቀድበት፣ ወይም የዋስትና መብት የሚጠበቅበት ጊዜ አለ።

ለእናቶቹ «ዛሬ ይፈታሉ» አትበሉ። እኔ ብዬ አውቃለሁ። ሳይፈቱ ሲቀሩ ያቺ እናት ከፖሊሱ በላይ የምትጠላው እናንተን ነው፣ ልክም ናት። አንድ ከቤተሰቡ የሚደወልለት ሰው ምረጡ፤ አምስት ቤተሰብ አምስት ዓይነት ወሬ ይዞ እንዳይሄድ። ስልካችሁን ለሁሉም አትስጡ። እኔ ሰጥቼ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ምን ተገኘ?» የሚል ስልክ ሳነሣ ከርሜያለሁ።

ስለ መስቀለኛ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ። ፈቃድ ባወጣሁ ዓመት የተከሳሽ ምስክር ሰነዱን ቢሮ ውስጥ ፈረምኩ አለ። ያን ቀን የዓመት ፈቃድ ላይ እንደነበረ አሳመንኩት። በዚያ መቀመጥ ነበረብኝ። ጉራዬ ገፋኝና «ታዲያ ፈቃድ ላይ ሆነው እንዴት ፈረሙ?» አልኩ። «ደመወዜን ልወስድ መጥቼ ነበራ» አለ። ችሎቱ ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር።

አሁን «እሺ፣ ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው፤ የሕዝብ ጥቅም የሚባለው የታለ?» ትሉኛላችሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆሙላት፤ ከእነሱ አንዷ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ልጅቱ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን አስቀረው። በእነዚህ መካከል የብዙ ሴቶች የዓመታት ጉትጎታ አለ። መነሻው ግን የአንዲት ልጅ መዝገብ ነው፣ በደንብ የተያዘ።

ያልተሳካም አለ። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ክሱ ውድቅ ተደረገ። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ 300/1995 አንቀጽ 11 «ጥቅሜ ተነካ» ማለት ሳያስፈልገው ማንም ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። ከሕጋችን ሁሉ ለዚህ ሥራ በጣም የተመቸ አንቀጽ ይመስለኛል። ግን እዚያም ቀን አለ። መጀመሪያ ለባለሥልጣኑ ታመለክታላችሁ፤ 30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ትከሳላችሁ። ተከሳሹን መምረጥም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ላይ ማኅበርም ሆነ ቡድን ለአባላቱ ሊከስ እንደሚችል ይላል። በሩ አለ፤ ከበሩ በኋላ ያለውን ደረጃ ነው መለማመድ የሚገባን።

የምንለማመድበት ቦታ ግን ጠቦ ቆይቷል። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት አዋጅ 621 በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ አደረገ። በ2011 አዋጅ 1113 እስኪተካው ድረስ አሥር ዓመት ሞላ። በዚያ መሃል ጋሼን የመሰሉ ሰዎች ወደ ግል ሥራ ገቡ፣ ወደ ሌላ ሙያ ሄዱ። የእኔ ትውልድ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ «አትጩኺ፣ ጻፊ» የሚለው ሰው ነው ያጣው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሰው ፈልጉ። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይላል። ያንን ሰዓት ከልቡ የሚሠራ ጠበቃ ጋር ሂዱና ቦርሳውን ያዙለት። መንግሥት አቅም ለሌለው ተከሳሽ የሚያቆማቸውን ተከላካይ ጠበቆች እዩ፤ በአንድ ጠዋት የሚያስተናግዱት መዝገብ ብዛት ያስደነግጣል። ችሎት ግልጽ ነው፣ ከኋላ መቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽ እያነሣችሁ አንዱን ጉዳይ ብቻ አንብቡ። የሕግ ትርጓሜውን ብቻ ሳይሆን ሰውየው ከሥር ፍርድ ቤት ጀምሮ የት ላይ እንደተሳሳተ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ውሳኔው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አባባ ጥበቃው ገንዘባቸውን አግኝተው ሌላ ቦታ ተቀጠሩ። ለበዓል ይደውሉልኛል። ባለፈው ግን በዓል አልነበረም። አብሯቸው የሚሠራ አንድ ልጅ ተባሮ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ገና ሁለት ወር ከምናምን አለን» አሉኝ። «ደብዳቤውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን ይዞልሻል። ነገ ልላከው?»

«ዛሬ ይምጣ» አልኳቸው።